የቻለው ማዛጋት

ቻለው የደንበኛዋን ነጠላ ጥለቱ ላይ ነክሶ ያዘ። ሴትዮዋ ወዲያ ስትጎትት፣ ውሻው ወዲህ ሲጎትት፣ ገና ያልተለበሰው ነጠላ ከመሀል ተተረተረ። እትዬ ዘነበች ከሱቃቸው ተወርውረው ወጡና ሰንሰለቱን ጨመደዱት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ሳቀ። እኔ በረንዳው ላይ መርፌና ክሬን ይዤ ተቀምጫለሁ። ውሻው ነጠላውን ለቀቀ፣ በምላሱ አፍንጫውን ላሰ፣ ከዚያም አፉን እስከ ጆሮው ከፍቶ አዛጋ።

እንግዲህ ፍረዱኝ። ተናክሶ ሲያበቃ የሚያዛጋ ማን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ ቦታው ሸማ ተራ። ሸማኔ ለየብቻ ያመጣውን ጋቢ ጠርዝ ለጠርዝ አጋጥሜ እሰፋለሁ፤ እንጀራዬ እሱ ነው። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ወሬም አላበዛም። አፌ ሥራ ሲፈታ ግን ዓይኔ ይሠራል። እትዬ ዘነበችን በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ፤ ተራው ሁሉ እትዬ ስለሚላቸው እኔም እትዬ እላቸዋለሁ። በረንዳቸውን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው፤ ማኅበርም አብረን እንጠጣለን።

ቻለው የሚለው ስም ለውሻው የወጣ እንዳይመስላችሁ። የእትዬ ዘነበች ባል የሞቱ ጊዜ የባላቸው ዘመዶች ሱቁን ሊነጥቋቸው በደጃፉ ይመላለሱ ነበር። እትዬ ዘነበች ዳኛ ፊት አልሄዱም፤ ቡችላ አሳደጉ። ዘመዶቹ ባለፉ ቁጥር «ቻለው! ና ቻለው!» ብለው ይጣራሉ። በአገራችን የውሻ ስም የሚወጣው ለጎረቤት ጆሮ መሆኑን እናንተም ታውቃላችሁ። ዘመዶቹ ቀሩ፣ ቻለው ቀረላቸው። ልጅ የላቸውም።

ያደገው ከመደርደሪያው ስር፣ ከጋቢው እስር ጀርባ ተጋድሞ ነው። ሁዳዴ ሲጋመስና የፋሲካ ገበያ ሲደራ ግን ኪስ አውላቂ በዛ ተባለና ከደጃፉ ምሰሶ ጋር በሰንሰለት ታሰረ። ማዛጋት የጀመረውም ያኔ ነው። ሌሊት ባይተኛ ነው እንዳንል፣ ተኝቶ ያድራል።

በመርካቶ ሰው ሁሉ ሐኪም ነው። ከጎናችን ክርና ቁልፍ የሚሸጡት አቶ ደጀኔ ጾሙ ጠንቶበት ነው አሉ። እትዬ ዘነበች ግን ቡዳ ነው አሉ፤ ቡዳ የበላው ሰው እንደሚያዛጋ ማን ያጣዋል? የቡዳ ጢስ አጤሱበት። ሲያስነጥስ ዋለ፣ ማዛጋቱም ባሰበት። ቀጥለው ወደ ነፍስ አባታቸው ሄደው ከቤቴ የታመመ አለ፣ ጸሎት ያድርጉልኝ አሏቸው። ቄስ የክርስትና ስም ሳይጠይቅ ጸሎት አያደርግም። ለውሻ የክርስትና ስም ከየት ይመጣል? ምን ብለው እንደመለሱ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ነጠላው በተቀደደ ዕለት ነገሩ ቁርጥ ሆነ። አቶ ደጀኔ ከጎጃም በረንዳ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አገኙ። ሐሙስ ሲመለስ ውሻውን ጭኖ አባይ በረሃ ያወርደዋል ተባለ። ማውረድ ነው ያሉት፤ ወርዶ ምን እንደሚበላና ምን እንደሚበላው ማንም አላነሳ። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሳቡ።

እኔ መርፌዬን አቁሜ ውሻውን ሳይ ዋልኩ። ኩሊዎች ጭነት ተሸክመው «ዞር በል! ዞር በል!» እያሉ ሲመጡ፣ ገና ድምፃቸው ከሩቅ እንደተሰማ ጆሮው ወደ ኋላ ይተኛል፤ ጅራቱ ከእግሮቹ መሀል ይገባል፤ የዓይኑ ነጭ በጎን ብቅ ይላል። ምንም ሳይበላ ከንፈሩን ይልሳል። ከዚያ ያዛጋል። ጭነቱ ሲያልፍ ደግሞ ዝናብ እንደመታው ሁሉ ደረቅ ገላውን ያራግፋል። ከሰዓት በኋላ እውነተኛው ዝናብ ጥሎ ሰው ሲበተን ግን አንዴም አላዛጋ።

ይሄኔ ችሎቱ ትዝ አለኝ። ድሮ ለአንድ ወዳጄ ዋስ ሆኜ ዳኛ ፊት ቀርቤ ነበር። ስሜ ሲጠራ ከፍርሃት አፌ ያዛጋል። ዳኛው ንቀት መሰላቸውና እንቅልፍህን ጨርሰህ ተመለስ ብለው ሌላ ቀጠሮ ሰጡኝ። እንደዚያ ቀን ነቅቼ አላውቅም! እንዲያውም የፋሲካ ገበያ በመጣ ቁጥር ሸክሙ ጆሮዬን እየታከከ ሲያልፍ በረንዳው ላይ ሳዛጋ ነው የምውለው። እትዬ ዘነበችም እንቅልፍ አልጠገቡም እንዴ እያሉ ይጠይቁኛል።

«እትዬ፣» አልኩ፣ «ይህ ውሻ ቡዳ አልበላውም፤ ፈርቷል። እስከ ሐሙስ ለኔ ይተዉልኝ።»

«ጋሽ ተካልኝ በዓመት አንዴ ይናገራሉ፣» አሉ አቶ ደጀኔ፣ «እሱንም ለውሻ ጠበቃ ለመቆም።»

ሰንሰለቱን ፈታሁ። ጎትቼ አላስገባሁትም፤ ዞር ስልለት ራሱ ገባ። በድሮ ቦታው ላይ የእትዬን ያረጀ ጋቢ አነጠፍኩለት፤ የሳቸው ጠረን አለበት። በርጩማዬንም አንስቼ ከጥጉ አፍ ላይ፣ ጀርባዬን ለመንገዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። አልደባበስኩት፣ ዓይን ዓይኑንም አላየሁት፤ ዓይን ዓይንን መታየት ምን እንደሆነ ከችሎቱ አውቀዋለሁ። በሁዳዴ አጥንት አይገኝም፣ ቁራጭ ጠፍር ሰጠሁት፤ ሲያኝክ ይውላል። ጠዋት ገበያው ሳይሞላ ወጣ አድርጌ አንሸራሽረዋለሁ። አቶ ደጀኔ በሉ ጋሽ ተካልኝም ፈረንጅ ሆኑ እያሉ ለመንገደኛው ያሳዩኛል።

መጀመሪያ ላይ ከጥጉም ሆኖ ያዛጋ ነበር። እያደር ረጅም ትንፋሽ ይተነፍስና አገጩን ከእግሬ ላይ ያሳርፋል።

ሐሙስ ሾፌሩ ገመዱን ክንዱ ላይ ጠምጥሞ መጣ። ኩሊዎች በደጃፉ ይጮሃሉ። ቻለው በጀርባው ተንጋሎ፣ አራት እግሩን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ ያንኮራፋል። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየውና ያበደው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። እትዬ ዘነበች ከመደርደሪያው ፊት ቆመው የሚሄድ ውሻ የለም አሉት። አቶ ደጀኔ ክር መጠቅለል ጀመሩ።

በቀዳም ሹር ሱቁን ስንዘጋ እትዬ ዘነበች ቁልፉን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። የምስጋና ነገር ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ፣ አይቆጡኝ፣» አሉኝ፣ «ለውሻ ነው ብል የነፍስ አባቴ ያባርሩኛል ብዬ የእርስዎን የክርስትና ስም ነው የሰጠኋቸው። ይኸው ጸሎታቸው ደረሰ፤ እርስዎንም ማዛጋቱ ለቀቀዎት።»