ፍሬኑ በድምፅ ብልጫ ያዘ

የዚህች መኪና ፍሬን ይይዛል ወይስ አይይዝም?

እማማ ከነጋ ጀምሮ ራሳቸውን የሚጠይቁት ይህንኑ ነበር፤ መልስ ግን አላገኙም። መልስ ያጡት በመረጃ እጥረት አይደለም። ቤተሰቡ አንድ ዕለታዊ ጋዜጣ፣ አንድ ሬዲዮ ጣቢያና አንድ የመኪና መገጣጠሚያ አለው። በመረጃ እንዲህ በበለጸገ ቤት ውስጥ አንዲት አያት ብትጨነቅ፣ ጥፋቱ የራሷ እንጂ የማንም ሊሆን አይችልም።

መኪናዋ «ወደፊት» ትባላለች። ቀይ ናት። አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙራ፣ ሪባን ተጠምጥሞላት የግቢው በር ላይ ቆማለች። ቁልቁለቱ ከበሩ ይነሣና አንድም ቦታ ሳይታጠፍ ወርዶ አደባባዩ ላይ ያልቃል፤ አደባባዩ ዳር ደግሞ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚሸጡ ሴቶች ተደርድረው ይቀመጣሉ። ልክ በአራት ሰዓት የእማማ የልጅ ልጅ፣ የሬዲዮ ጣቢያው ዜና አንባቢ፣ ማይክሮፎን ደረቷ ላይ ሰክታ መኪናዋን ቁልቁል ትነዳለች፤ እየነዳችም በቀጥታ ስርጭት ታወራለች፤ ከሴቶቹ ፊት የተሰመረው ነጭ መስመር ጋ ስትደርስ ቀጥ አድርጋ ታቆማለች። ዕቅዱ ይኸው ነው። እማማ ከዕቅዱ ውስጥ ያልዋጠላቸው «ቀጥ አድርጋ» የምትለዋ ብቻ ናት።

የዚህን ታላቅ ግሩፕ አመሠራረት ላልሰማ ሰው ባጭሩ መንገር ይገባል። የእማማ ባል፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ባለ አንድ ጉድጓድ ጋራዥ ነበራቸው። ሰው መኪናው ሲበላሽበት ይመጣል፤ እሳቸው ይሠሩለታል፤ ሰውየው አመስግኖ ይሄዳል። ከዚህ ያለፈ ራዕይ አልነበራቸውም። ሲሞቱ የበኩር ልጃቸው ጋራዡን ወረሰና «አባባ ትልቅ ሰው ነበር፤ የሚናገርለት አጣ እንጂ» አለ። የሚናገርለት እንዳያጣ ጋዜጣ አቋቋመ። ጋዜጣውን የሚያድል መኪና ጠፋ፤ አሮጌ መኪኖች ሰበሰበ። አሮጌዎቹ መለዋወጫ አማራቸው፤ መለዋወጫ አስመጪ ሆነ። መለዋወጫው ተርፎ መጋዘን ሞላ፤ የተረፈውን እርስ በርስ ቢያያይዙት መኪና የሚመስል ነገር ወጣው፤ «ወደፊት» አሉት። «ወደፊት» ገዢ አጣ። በሌላ ቤት ቢሆን «ይህ መኪና ምን ጎደለው?» ይባል ነበር። በዚህ ቤት ግን ቢመረመር የጎደለው ሬዲዮ ጣቢያ ሆኖ ተገኘ፤ ሬዲዮ ጣቢያ ተከፈተ።

እድገት ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ አንደኛው ያበላሸውን ሁለተኛው ይሸፍነዋል፣ ሁለተኛው የሸፈነውን ሦስተኛው ያወድሰዋል። ውሻ በበላበት ይጮኻል የሚሉ ምቀኞች አልታጡም። ግሩፑ ግን «የተቀናጀ አሠራር» ነው የሚለው።

በኩሩ፣ የዜና አንባቢዋ አባት፣ ሊቀመንበር ሆነ። ታናሽ ወንድሙ ምክትል ሊቀመንበርና ዋና አዘጋጅ ሆነ። እማማም የቦርድ አባል ናቸው፤ ምክራቸው ተፈልጎ ሳይሆን ቦርዱ እሑድ እሑድ የሚሰበሰበው እሳቸው የምግብ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነና፣ ከቤታቸው ውጡ ማለት ነውር ስለሆነ ነው።

የተቀናጀው አሠራር ሲሠራ ማየት ደስ ይላል። በመጀመሪያ ቅሬታ ይዞ የመጣው «ወደፊት» የገዛ አንድ መምህር ነበር፤ ላብ አጥምቆት፣ የመኪናውን የፊት መብራት በጉያው ታቅፎ መጣ።

«ፍሬኑ አይይዝም» አለ።

«ቅጽ ይሙሉ» ተባለ።

ሞላ። ቅጹም እንደ ደንቡ ወደ ጋራዡ ሳይሆን ወደ ጋዜጣው ሄደ፤ ቅሬታ የሕዝብ ግንኙነት ጉዳይ ነውና። በሳምንቱ ጋዜጣው «ፍሬን መርገጥ የፍርሃት ባህል ነውን?» የሚል ባለ ሦስት ክፍል ጥናት አወጣ። ዓለም ሁሉ በሚሮጥበት ዘመን የመቆም ምኞት ከየት እንደሚመጣ በሰፊው ተተነተነ። መምህሩ ጥናቱን ያንብበው አያንብበው አልታወቀም፤ ዳግመኛ ግን አልመጣም። በግሩፑ መዝገብ ላይ «ደንበኛው ረክቷል» ተብሎ ሰፈረ።

ነገሩን ሊያበላሽ የነበረው ጆሮው ነው። ጆሮው የሚሉት የሟቹ ረዳት የነበረውን አንጋፋ መካኒክ ነው፤ ሞተር አዳምጦ ሕመሙን ስለሚናገር ስሙን ያወጡለት ሟቹ ናቸው። «ወደፊት» ደግሞ ሞተሯ ሲነሣ ሬዲዮኗ አብሮ ይነሣል፤ ከቤተሰቡ ጣቢያ በቀር ሌላ አይዝም። አንድ ቀን ጆሮው ጎማ ሥር ተንበርክኮ «እባካችሁ ሬዲዮኑን ዝጉልኝ፤ የፍሬኑን ሸራ ልስማበት» ቢል፣ ምክትሉ በአጋጣሚ ሰማውና «ይኼ ሰው እኮ ድምፅ ያውቃል!» ብሎ ተደነቀ። ሳይውል ሳያድር የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ክፍል ኃላፊ አድርጎ ሾመው። ጋራዡ ባለሙያ እንዳያጣ ደግሞ ነገር ፈልፍሎ በማውጣት የታወቀ አንድ ጋዜጠኛ ወደዚያ ተዛወረ። ጋዜጠኛው በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ሞተር ውስጥ አሥራ አንድ ብሎን ፈልፍሎ አወጣ። የት እንደነበሩ ግን ምንጮቹ አልገለጹለትም።

ዛሬ ታዲያ አንድ ሺኛዋ «ወደፊት» የምትመረቅበት ቀን ነው።

እማማ የልጅ ልጃቸውን መስታወት ፊት አገኟት። እናቷ ጥላት ከሞተች ጀምሮ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ሲያስላት አብረው እያሳሉ፣ ስትወድቅ አብረው እየወደቁ።

«የኔ እናት፣ ዛሬ ቢቀርስ?»

«እማማ ደግሞ! ብስክሌት ስነዳም እንዲሁ ነበርሽ።»

«ያኔም ወድቀሻል።»

«ጉልበቴ ተላጠ እንጂ ምን ሆንኩ?»

«ብስክሌቷ ፍሬን ነበራታ።»

ልጅቷ ሳቀችና የእማማን ግንባር ሳመች። «አባዬ ይይዛል ብሏል። አባዬ የማይይዝ መኪና ላይ አስቀምጦ ቁልቁል ይለቀኛል? እስቲ ንገሪኝ።»

እማማ «አይለቅሽም» ለማለት አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

ጆሮውን ሳሎን ውስጥ አገኙት። ማዳመጫውን እንደ ዘውድ ደፍቶ ሽቦ ይዘረጋል።

«አንተ፣ ያቺን መኪና ሰምተሃታል?»

«እትዬ፣ ጆሮዬ አሁን የግሩፑ ንብረት ነው። ያለ ቦርድ ፈቃድ አይሰማም።»

«እኔ ቦርድ ነኝ። ተናገር።»

ጆሮው ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባል። በሦስተኛው ርግጫ ይይዛል። አንዳንዴ።»

«የመጀመሪያዎቹ ሁለቱስ?»

«እነሱ ለማሟሟቂያ ናቸው።»

«ታዲያ ለልጆቼ አትነግራቸውም? አፍህ ውስጥ ምን አለ?»

«በጽሑፍ ነገርኳቸው እኮ እትዬ። በማለዳው ፕሮግራም ላይ ‹ከአድማጭ የተላከ ግጥም› ብለው አነበቡልኝ። ዋሽንት ሁሉ ገብቶበታል።»

ቦርዱ በሦስት ሰዓት ተኩል ተሰበሰበ። ሊቀመንበሩ ጠረጴዛውን በማንኪያ መታ።

«አጀንዳ አንድ» አለ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ጋዜጣችን ከሬዲዮናችን፣ ሬዲዮናችን ከመኪናችን ጋር አብሮ እነሆ ዛሬ—»

«አንበሳውን ተወው ልጄ» አሉ እማማ። «መኪናዋን የሚያቆማት ምንድን ነው?»

«እማዬ፣ ተናግሬ ልጨርስ።»

«ጨርስ። እኔ የምፈራው ልጅቷን እንዳትጨርሳት ነው።»

ምክትሉ ወንድሙን ለማገዝ ጋዜጣውን ዘረጋ። በፊት ገጹ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል፣ «በክብር ወረደች፤ በነጩ መስመር ላይ ቀጥ አለች» ይላል። ፎቶግራፍም አለው፤ ቀይዋ መኪና መስመሩ ላይ ቆማ፣ ቲማቲም ሻጮቹ ከኋላዋ።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ። «ገና አልነዳችም እኮ።»

«ጋዜጣ መቅደም አለበት እማዬ፤ ሙያው ነው።»

«ፎቶውስ?»

«ትናንት አውርደን አነሣናት።»

«እንዴት አወረዳችኋት?»

«በገመድ።»

«ለምን በገመድ?»

ምክትሉ ወንድሙን አየ። ወንድሙ ማንኪያውን አየ። «ቀለሟ እንዳይጫር» አለ ምክትሉ።

«እሺ፤ ተጽፎ ካለቀ ልጅቷ ምን ቤት ናት? ወርዳለች ብላችኋል፤ ቆማለች ብላችኋል። ቁጭ ትበልልኝ።»

ይህ ነጥብ ቦርዱን ለጥቂት ጊዜ አስደነገጠው፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ነጥብ ተነሥቶ ስለማያውቅ። በመጨረሻ ሊቀመንበሩ «የተጻፈ ነገር መፈጸም አለበት፤ አለዚያ ጋዜጣው ሊዋሽ ነው» ብሎ ገላገለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እማማ ምነው ፍሬኑም ከሁለቱ ካንዳቸው በተወለደ ብለው ተመኙ።

«ክርክሩ በድምፅ ይፈታ» አለ ሊቀመንበሩ። «ፍሬኑ ይይዛል የምትሉ?»

ሁለት እጅ ወጣ።

«አይይዝም የምትሉ?»

እማማ እጃቸውን አወጡ፤ ያንስ እንደሆነ ብለው ሁለተኛውንም ጨመሩ።

«እሺ። ፍሬኑ ይይዛል የሚለው በሙሉ ድምፅ አልፏል።»

«እኔስ? እጄ አይታይም?»

«እማዬ፣ ያንቺ ፍርሃት ነው። ፍርሃት ድምፅ አይሰጥም።»

እንዲህ ሆኖ ፍሬኑ ያዘ። የሰው ልጅ ስንት ዘመን በብረትና በዘይት ሲደክም የኖረበትን ነገር፣ ሁለት ወንድማማቾች ቁጭ ብለው እጃቸውን በማውጣት ብቻ ፈጸሙት።

እማማ ተነሡ። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የቦርዱን ቋንቋ ተናገሩ።

«አጀንዳ ሁለት አለኝ» አሉ።

«ሰዓት የለንም እማዬ፤ ስርጭቱ ሊጀመር ነው።»

«አጭር ናት። መኪናዋ አምስት ሰው ትይዛለች። ክብሩን ልጅቷን ብቻ ምን አሸከማት? ቦርዱ አብሯት ይሳፈር። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፤ እናንተ ቦታችሁን ምረጡ።»

በዚሁ ጊዜ ጆሮው ጣቱን ከፍ አድርጎ ምልክት ሰጠ። ስርጭቱ ተጀመረ። ልጅቷ ማይክሮፎኗን ሰክታ፣ የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ እያሽከረከረች በሩ ላይ ደርሳ ነበርና የእማማን የመጨረሻ ቃል ሰምታ ፊቷ በራ።

«አድማጮቻችን፣ እንደምን አደራችሁ! ያልታሰበ የምሥራች አለን። የግሩፑ ቦርድ በሙሉ አብሮኝ ሊወርድ ነው!»

ምክትሉ ወደ እናቱ ጆሮ ጎንበስ ብሎ «እኔ እንኳን ጋዜጣው ይጠብቀኛል» ሲል አንሾካሾከ።

«ታትሞ የለም እንዴ?»

«የነገው ነው።»

«የነገውንም ቅደመው። ልማድህ አይደል?»

«ደግሞ ወገቤን... ያ ወንበር ለወገብ አይሆንም።»

«በጋዜጣህ ላይ ‹ምቹ ወንበር› ብለህ የጻፍከው አንተ አይደለህ?»

ምክትሉ ወገቡን ይዞ ተቀመጠ፤ ሕመሙ ከቅጽበት ወደ ቅጽበት እየጸናበት ይሄድ ጀመር።

ልጅቷ አሁንም እየሳቀች ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ፣ አንተ ከፊት፣ ከጎኔ ትቀመጣለህ፤ አይደል?»

ሊቀመንበሩ አልመለሰም። በአንድ እሑድ ሦስት ንግግር የሚያደርግ ሰው ነው፤ ለአፍ ዳገት የለውም ይባላል፤ ለካ ቁልቁለት አለው። ልጅቷ ጠበቀች። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። አየር ላይ ዝምታ መተው እንደማይገባ ያስተማራት እሱ ራሱ ነውና፣ ያየችውን መናገር ጀመረች።

«አድማጮቻችን፣ ሊቀመንበሩ ከወንበራቸው ተነሥተዋል... ኮታቸውን እየቆለፉ ነው... ወደ በሩ ሄደዋል። መኪናዋን እያዩዋት ነው... ቁልቁለቱን እያዩ ነው...» ድምፅዋ ቀስ በቀስ የዜና ድምፅ መሆኑን ተወ። «አሁን ተመልሰዋል። አሁን በአጠገቤ... በአጠገቤ አልፈዋል። አላዩኝም።»

ጆሮው በማዳመጫው ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። «ጥርት ያለ ነው» አለ ለራሱ። «አንድም የሚንኳኳ ነገር የለበትም።»

ልጅቷ ቁልፉን ከጣቷ አውልቃ የእማማ መዳፍ ላይ አኖረችው። እማማ ጨበጡት። በግሩፑ ታሪክ እንዲህ አጥብቆ የያዘ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

በጓዳው በኩል የጓሮው በር ሲከፈት ተሰማ። ከጓሮው በር ውጭ ያለው መንገድ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። ሊቀመንበሩ አንድም ቃል ሳይናገር፣ በሩን እንኳ ሳይዘጋ ወጣና፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ዳገቱን በእግሩ ተያያዘው።