ወይዘሮ ሞሪን ስልኩን ሲይዙ

ዋጋ ተለጥፎ ባየች ቁጥር እንደተሰደበች የምትቆጥር ሴት የሌለችበት ሰፈር ካለ፣ እሱ ሰፈር ሳይሆን መኪና ማቆሚያ ነው። የእኛዋ የእንግሊዝ ከተማ ባርንስሊ ደግሞ፣ ተመስገን፣ ክብርት ወይዘሮ ሞሪን ሃርግሬቭ አሏት።

ወይዘሮ ሞሪን የተጠበሰ ዓሣ ሊገዙ ገብተው፣ “ይሄ ጅራቱ ተጣሟል” በማለት አብሮት የሚሸጠውን ድንች በነፃ ወስደዋል። ባላቸው የሞቱ ሳምንት የሬሳ ሣጥን ሻጩን፣ “ሆዴ፣ የኔ ባል እኮ አጭር ነበር። የተረፈው እንጨት የማን ነው?” ብለው አፋጠውታል። (እሳቸው “ሆዴ” የማይሉት ሰው የለም፤ ፖሊሱንም ጳጳሱንም ይላሉ።) ቅናሹን አገኙ። ከዚያ በኋላ ነው ሣጥኑ አጠገብ ቆመው ያለቀሱት፤ ሁሉም በየተራው ነዋ!

መፈክራቸው “መጠየቅ አያስከፍልም” ነው። አብሯቸው ሱቅ የገባ ሰው ግን ይከፍላል፣ በሃፍረት። እኔ ራሴ የሾርባ ቆርቆሮ እያገላበጥኩ ስንቴ የማላውቃቸው መስያለሁ!

ጎረቤታችን ሮይ ታስከር፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ዕዳ ነበረበት። ሚስቱ ብሬንዳ ስትታመም ክሬዲት ካርዱን መዘዘ፤ እሷ አፈር ስትለብስ ዕዳው ስድስት ሺህ ፓውንድ ደርሶ ነበር። ካልከፈለ አበዳሪው ድርጅት ፍርድ ቤት ሄዶ ቤቱን በዕዳ እንደሚያሲዝበት ነገረው። ሮይ በእጁ ያለው ለሽርሽር በመኪና የሚጎትታትን ባለጎማ ቤት ሸጦ ያገኘው ሁለት ሺህ ብቻ ነው። “እቺን ተቀብላችሁ ቀሪውን ተዉልኝ” ሊል ደወለ።

“ኑሮ እንዴት ነው፣ ሚስተር ታስከር?” አለው ስልኩን ያነሳው የድርጅቱ ወጣት ሠራተኛ።

“አናማርርም” አለ ሮይ።

እኛ አገር ይህ መልስ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ሮይ አንድ እግሩ ቢቆረጥ፣ “አናማርርም፣ ካልሲ ይቆጥባል” የሚል ሰው ነው። ልጁ ግን የሰማውን ነው የሚጽፈው። “ችግር የለበትም” ብሎ መዘገበና ሙሉውን ጠየቀው።

ወይዘሮ ሞሪን ይህን ሲሰሙ ሻዩ ትን አላቸው። “ለአበዳሪ? አናማርርም? አንተ ሰውዬ፣ ለጨዋነት ብለህ ጎዳና ልትወጣ ነው?”

በማግስቱ እሳቸው ወጥ ቤት ተሰየምን። ለሮይ ትእዛዝ ተሰጠው፦ “ስምህን ትናገራለህ። ‘ሞሪን ትናገርልኝ’ ትላለህ። ከዚያ ብስኩትህን ትበላለህ።”

ያው ልጅ አነሳ፤ ሮይ የተባለውን አደረገ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ለሁላችንም ይሰማል።

“አሥራ አምስት መቶ” አሉ ወይዘሮ ሞሪን፣ ሰላምታ ሳያበዙ።

“እመቤት፣ ቢያንስ አራት ሺህ።”

እሳቸው ዝም አሉ። እኛ የዚህ አገር ሰዎች ብርድ እንችላለን፣ ዝምታ ግን አንችልም። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት ብስኩት አጎረሱኝ። ልጁም አልቻለም፤ “እ... እናንተ ጋ ይዘንባል?” አለ።

“ይዘንባል ሆዴ። አሥራ ስድስት መቶ።”

ሦስት ሺህ አለ። ዝም። ሁለት ሺህ አምስት መቶ አለ። ዝም። ወይዘሮ ሞሪን ጽዋ እንደሚያጥብ ቄስ ተረጋግተው ሻያቸውን ያማስላሉ።

“ከዚህ በታች እንድወርድ፣” አለ ልጁ በመጨረሻ፣ “ችግሩን ከራሳቸው አፍ መስማት አለብኝ። ሚስተር ታስከር፣ ኑሮ እንዴት ነው?”

ሮይ ብስኩቱን ሳህኑ ላይ መለሰ።

“አና...” ብሎ ጀመረ ሮይ።

ወይዘሮ ሞሪን ይቆጡታል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ እጁን ያዙት።

“ብሬንዳ ከሞተች ወዲህ ማሞቂያውን ከፍቼ አላውቅም” አለ ሮይ። “ካፖርቴን ለብሼ ነው የምተኛው።”

ጸጥ አለ። ይሄኛው ዝምታ የማንም ስልት አልነበረም።

“አሥራ ስምንት መቶ” አለ ልጁ በቀስታ። “ቀሪው ይሰረዛል።”

“ተስማምተናል፣ የኔ ልጅ” አሉ ወይዘሮ ሞሪን። “ቀሪው እንደማይጠየቅ ጽፈህ ላክልን። ወረቀቱ ሳይደርሰን ሳንቲም አይንቀሳቀስም።” አንድ መቶ ሊያስቀንሱት ይችሉ ነበር፤ እኔ አውቃቸዋለሁ። ተዉት።

ወረቀቱ በደረሰበትና ሮይ በከፈለበት ዕለት ተከትያቸው ሮይ ቤት ገባሁ። ደስታ ሊገልጹ የመጡ መስሎኝ ነበር። ቀጥ ብለው የማሞቂያው ማብሪያ ጋ ሄዱ።

“በቀን ለስምንት ሰዓት ይበራል” አሉት።

“ኧረ ሞሪን፣ አንድ ይበቃኛል።”

“ስምንት።”

“እሺ፣ ሁለት።”

ዕድሜ ልካቸውን ሲያስቀንሱ የኖሩት ሴትዮ ያስጨምራሉ! ሮይ አስታራቂ ፈልጎ ወደ እኔ ዞረ። ካፖርቴን አውልቄ ወንበሩ ላይ ጣልኩና ከወይዘሮ ሞሪን ጎን ቆምኩ።

“ዘጠኝ” አልኩት።