ሳጉሬ ድረስ የወሰደችኝ ቃል

እንግሊዞች ዘመድ ሲጠሩ ስስታሞች ናቸው። የእናት ወንድም ይሁን የአባት፣ የአክስት ባል እንኳ ቢሆን፣ በአንዲት «አንክል» ይገላገሉታል። «እኛስ በአጎት አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። እሺ፣ ልክ ናችሁ። ብቻ ነገሩ የቸገረው አንድ የቋንቋ ሰው «ኒብሊንግ» የምትባል ቃል ሰፋላቸው፤ ሴትም ሆነ ወንድ፣ የወንድምም የእህትም ልጅ የሚጠራባት። የእህትና የወንድም የጋራ መጠሪያ ከሆነችው «ሲብሊንግ» ላይ የፊቷን «ስ» ቆረጠና፣ የእህት ወይም የወንድም ሴትና ወንድ ልጅ ከሚጠሩባቸው ከ«ኒስ» እና ከ«ኔፊው» «ን»ን ወስዶ ለጠፈባት። የአሰላ ልብስ ሰፊም ሰልባጅ ኮት የሚያስተካክለው እንዲሁ ነው። ባለቤቶቹ እንኳ እምብዛም አይለብሷትም። እኔ ግን የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝና ወደድኳት።

የወደድኳት በእህቴ ልጅ በትዕግስት ምክንያት ነው። እህቴ ስታርፍ የሦስት ዓመት ልጅ ሆና እጄ ገባች፤ ዛሬ ነርስ ናት። አባቷን የበላው ጅብ አልጮኸም። «ልጅህ ናት?» ባሉኝ ቁጥር «የእህቴ ልጅ ናት» እላለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ። ሌላ ብል የሞተች እህቴን የቀማኋት ይመስለኛል።

ባለፈው ኅዳር ከሳጉሬ ከተማ ሦስት ሽማግሌዎች አሰላ ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው ጉዳያችን ሳይሰማ ብለው ቆሙ። ልጅዎን ለልጃችን አሉኝ። ወጉ ቀላል ነው፤ የሴት ወገን «እንመካከርና እንነግራችኋለን» ብሎ ይቀጥራል። እኔ ግን ደስታው ምላሴን ፈታው መሰለኝ፣ «ልጄ እንኳ አይደለችም» ብዬ ጀመርኩና ስለ ኒብሊንግ አመጣጥ ግማሽ ሰዓት አስተማርኳቸው። በትሕትና ሰሙኝ። ከዚያ ቀጠሮ ሳይጠይቁ ከዘራቸውን ይዘው ወጡ።

ትዕግስት ከጓዳ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ እምቢ ያልካቸው መስሏቸው ሄዱ እኮ» አለችኝ። «ቆይ፣ እኔ የማን ልጅ ነኝ?»

በማግስቱ የሳጉሬ ገበያ ነበር። ሚኒባስ ውስጥ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተጣብቄ ሄድኩ። የሴት ወገን ወንድ ቤት ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አላየሁም። ከሽማግሌዎቹ ትልቁን፣ ኦቦ ቱፋን፣ ስንዴ ሲያስመዝኑ አገኘኋቸው። ይቀመጡ ቢሉኝ ጉዳዬ ሳይሰማ ብዬ ቆምኩ።

«ልጄ ናት» አልኳቸው።

ሌላ ቃል አልመጣልኝም፤ ያቺን ለማለት ሃያ ዓመት መፍራቴ ገረመኝ። እህቴም የምትቀየመኝ አልመሰለኝም።

ኦቦ ቱፋ አጠገባቸው ከቆሙ አንድ ሽማግሌ ጋር በኦሮምኛ አንድ ነገር ተባባሉና ተሳሳቁ። ከዚያ ፊታቸውን ኮስተር አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

«መምህር፣ ሰምተንዎታል» አሉኝ። «እንመካከርና እንነግርዎታለን።»