አባ ፍሪጅ ዱካሞ ለባንክ ሽማግሌ የላኩበት ዜና

በሁለት ሺህ አሥራ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማቴዎስ ወንጌላዊ፣ መብራት በፈረቃ የሚያጠፋው፣ ሎድ ሼዲንግ የሚሉት የጨለማ ንጉሥ ከዙፋኑ ወርዶ የጆሃንስበርግ ፍሪጆች ሁሉ እፎይ ባሉ ማግሥት፣ የሆሳዕናው ተወላጅ፣ ዳቬይተን ሎኬሽን በሚባለው የከተማ ዳር ሰፈር ባለ ስፓዛ ሱቅ፣ የዳቦና የላምባ አዳይ፣ የብረት ፍርግርግ ዘብ፣ ክቡር ዱካሞ አባ ፍሪጅ በነገሡ በስምንተኛው ዓመት፣ በወርኃ ጥቅምት፣ አባቶቻችን ያልሰሙት፣ እኛም ይሆናል ብለን ያላሰብነው ታላቅ ዘመቻ ተነሣ። አባ ፍሪጅ መባላቸው ባለ ሁለት በሩን የለስላሳ ፍሪጅ በዱቤ ገዝተው ሃያ አራቱን ወር አንድ ቀን ሳያዛንፉ ከፍለው ስለ ጨረሱ ነው። የስልካቸውንም ኮንትራት እንዲሁ በቀኑ ይከፍሉ ነበርና የክሬዲት ነጥባቸው ከፍ ከፍ አለ፤ ከፍ ማለቱንም ዳቦ ሊገዛ የመጣ ሁሉ ያውቃል፣ ስልካቸውን አውጥተው ሳያሳዩት አይሸኙትምና።

ይህን የምጽፍ እኔ አየነው ነኝ፤ የደብረ ማርቆስ ልጅ፣ ከስፓዛቸው አጥር ሥር ቀበቶና ካልሲ ዘርግቼ የምሸጥ፣ ቅኔ ቤት ሁለት ዓመት ተቀምጬ ከቅኔው ይልቅ እንቅልፉ የቀናኝ። እርሳቸው የወንጌል አማኝ ናቸው፣ እኔ የተዋሕዶ ልጅ ነኝ፤ በጾም ቀን የዶሮ ጥብስ ይዘው ከፊቴ መቆማቸውን ይቅር ብያቸው አላውቅም። ቢሆንም ታሪክ ጸሐፊ በሆዱ አይፈርድም።

የዘመቻው ምክንያት አንዲት ቃል ናት። አባ ፍሪጅ ከአገር ሲወጡ ባለቤታቸው ወይዘሮ አማረች ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የተወለደችው ፅናት እነሆ ሰባት ዓመት ሞላት፣ አባቷንም የምታውቃቸው በስልክ መስታወት ውስጥ ብቻ ነው። እርሳቸውም ሰባት ጊዜ «ለገና እመጣለሁ» ብለው ሰባት ጊዜ ቀሩ፤ አንዱን ጊዜ ሱቁ ተዘርፎ፣ አንዱን ጊዜ ፔፐር የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አልታደስ ብሎ፣ የቀረውን ጊዜ ምክንያቱን ለመናገር አፍረው። በዚህ ዓመት ግን የእናትና የልጅ ቪዛ ወጣ፣ የአውሮፕላኑም ቀን ለግንቦት ሃያ ተቆረጠ። አባ ፍሪጅም ከደስታቸው የተነሣ መኪና ሳይኖራቸው፣ መንጃ ፈቃዳቸው ገና ቀለሙ ሳይደርቅ፣ «ከኤርፖርት ራሴ ነድቼ አስገባሻለሁ» ብለው ለባለቤታቸው ቃል ገቡ። የመኪና አከራዩ ቤትም በመስኮቱ ላይ እንዲህ ብሎ አውጆ ነበር፦ «ጥሬ ገንዘብ አንቀበልም። ነጂው በገዛ ስሙ ክሬዲት ካርድ ይያዝ።»

ያን ጊዜ አባ ፍሪጅ በለስላሳ ሳጥን ላይ ቆመው አዋጅ አስነገሩ፦ «ስማ! ያልሰማህ ስማ! ሰባት ገና ዋሽቻለሁ፤ ይህችን አንዲቱን ቃል ግን አላጥፍም! ካርድ አወጣለሁ፣ መኪና እከራያለሁ፣ ሚስቴንና ልጄን ራሴ እነዳለሁ። አማረች በዩሱፍ ባኪ፣ በሽንኩርት ጆንያ መሀል ወደዚህ ሎኬሽን አትገባም! የሚወደኝ ነገ በሦስት ሰዓት ይከተለኝ።» ሽንኩርት አመላላሹ ዩሱፍም ባኪ ስለሚላት ክፍት የጭነት መኪናው በተነገረው ነገር አንድ ሰዓት ያህል አኩርፎ፣ መኪና ያለው ሌላ ሰው ባለመኖሩ ታረቀ።

ወእምዝ በማግሥቱ ተነሡ። የተከተሏቸውም እነዚህ ናቸው፦ በሠርጋቸው ቀን የለበሱትን ሱፍ አሁንም በግድ የሚቆልፉት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ ማናሴ፤ ባለ ባኪው ዩሱፍ፤ እንግሊዝኛና የስልክ አፕ የተሰጠው ቲቶ፤ ለታሪክ ሲባል ሱቄን ዘግቼ የወጣሁት እኔ። ብዛታችንን አትናቁ፤ ሰው የሚያገባት ልጅ ሲጠይቅ ብቻውን እንደማይሄድ ሁሉ፣ ከባንክ ካርድ የሚጠይቅም ያለ ሽማግሌ መሄዱ ነውር ነው ብለን ነበርና። በኖኒ በምትባለው ከተማ ካለው ባንክ ደርሰን ተራችን ሲጠራ አምስታችንም ተነሣን፤ አቶ ማናሴ ምንጣፉን ባረኩ፣ የአባ ፍሪጅን ዘርና ጠባይ ዘረዘሩ፣ የፍሪጁንም ነገር ሳያጎድሉ ተናገሩ፣ ቲቶም ሁሉን ወደ እንግሊዝኛ ሲመልስ ሦስት ቃል አደረገው። ገና ከበሩ ሳንወጣ የባንኩ አዋጅ በስልካቸው ወረደ፦ «ውድ ደንበኛ፣ ማመልከቻዎን በዚህ ጊዜ መቀበል አልቻልንም። ምክንያቱን ከዚህ በታች ያንብቡ።»

ከታች ያለውን ማንም አላነበበም። እምቢታን ማን ያነባል? አቶ ማናሴ እንዲያውም ፊታቸው በራ፤ በመኪና ማቆሚያውም መሀል ቆመው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ደግ ነው! በመጀመሪያው ቀን ልጁን ብድግ አድርጎ የሚሰጥ ምን ዓይነት ቤት ነው? ያባረሩን ጨዋዎች ቢሆኑ ነው። በሳምንቱ እንመለሳለን!» እኛም አሜን አልን፤ በአገራችን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ሳይመላለስ እሺ ተብሎ አያውቅምና።

በሳምንቱ ተመለስን፣ ዳግመኛ ማመልከቻ ገባ፣ ዳግመኛ እምቢ ተባለ። አቶ ማናሴም የልጅቱ አባት ሲያስቸግር አጎቶቿ ይለመናሉ ብለው መከሩ፤ ስለዚህ በጀርሚስተን ወዳለው ሌላ ባንክ ሄድን፣ እርሱም እምቢ አለ፤ ቲቶ በአፑ ሁለት ሌሎች አጎቶች አገኘና ምሳ እየበላ በአንድ እጁ ጠየቃቸው፣ እነርሱም ጉርሻውን ሳይውጥ እምቢ አሉት። በአምስት ሳምንት አምስት እምቢታ! የሚያስደንቀውም ነጥባቸው ያማረ መሆኑ ነበር፤ ባለ ዕዳው ጎረቤት ካርድ ሲመዝ እያዩ፣ ማንንም አንዲት ሳንቲም ያላስቀሩት አባ ፍሪጅ ከበር ተመለሱ። ሳቃቸው ጠፋ። ከሆሳዕና ስልክ ሲደወል አንሥተው «መኪናው እንዴት ሆነ?» እንዳይባሉ ወደ ጓዳ ገብተው ዱቄት ሲቆጥሩ አይቻለሁ፤ በዚህ ጊዜ እኔም መቀለድ ተውሁ።

በኅዳር አሥር ቀን ለስድስተኛ ጊዜ ልንጠይቅ ወደ በኖኒ ወጣን። ያን ዕለት ግን ኖኩቱላ የምትባል የባንኩ ሠራተኛ፣ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፍታ፣ አንዲት ወረቀት ይዛ ወደ እኛ መጣች፣ ማመልከቻውን ገና ሳንነካው አስቀመጠችን፣ ቲቶም እየተረጎመላት እንዲህ ስትል አወጀች፦ «አባቶቼ፣ እኛም ለሎቦላ፣ ለሙሽራ ጥሎሽ፣ ሰው እንልካለን፣ እምቢ ሲሉንም እንመለሳለን። ማሽኑ ግን አጎት የለውም! ካርድ በጠየቃችሁ ቁጥር ምልክት ይጽፋል፤ በአምስት ሳምንት አምስት ምልክት ሲያይ ‹ይህ ሰው ጨንቆታል፣ ከአንድ ነገር እየሸሸ ነው› ይላል እንጂ ‹ጨዋ ነው፣ ጸንቶ ይለምናል› አይልም። በመጀመሪያው ቀን የጎደላችሁ አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች። የሱቅህ ሽያጭ ከመሳቢያ በቀጥታ ወደ ጅምላ ሻጩ ስለሚሄድ ባንኩ ገቢህን አያውቅም፤ የሦስት ወር የባንክ ሒሳብ ስቴትመንት አምጣ ተብሎ ከታች ተጽፎልህ ነበር፣ ማይ ብራዘር! አሁን ሽያጭህን በባንክ አሳልፍ፤ ስድስት ወር ሙሉ ደግሞ ማንንም ምንም አትጠይቅ።»

አቶ ማናሴ የሱፋቸውን ቁልፍ ፈቱ። እውነቱን ለመናገር ሁላችንም አፈርን፤ ለአባ ፍሪጅ ስንል አባ ፍሪጅን ያሳጣናቸው እኛው ነበርንና። እርሳቸው ግን አንድም ሰው አልወቀሱም፤ በጣታቸው ቆጠሩ፣ ስድስቱ ወር ግንቦት አሥር ላይ አለቀ፣ ከአውሮፕላኑ አሥር ቀን ቀደመ።

ከዚህ በኋላ ከዘመቻው ሁሉ የከበደው፣ ያለመጠየቅ ዘመቻ ሆነ። ደጅ መጥናት ላሳደገን ሰዎች ዝም ብሎ መቀመጥ ምን ያህል ሥቃይ እንደ ሆነ አንባቢ ራሱ ይመርምር። አባ ፍሪጅ በየማታው ሽያጫቸውን ወደ ባንክ ላኩ፤ በየቀኑም ተፈተኑ፤ ብድር ይፈልጉ እንደ ሆነ የሚጠይቅ ድምፅ በስልክ ሲመጣ እንደ እባብ ጣሉት፤ የሶፋ ሱቅ በነጻ ሻይ ጠራቸው፣ ሻዩን ጠጥተው ወጡ። በአራተኛው ወር ግን ለፅናት ጫማ ሊገዙ በገቡበት ሱቅ ሻጯ ልጅ «እዚህ የዱቤ አካውንት ልክፈትልህ? ዛሬውኑ ይቀነስልሃል» ብላ ፈገግ አለች፤ አፋቸው «እሺ» ለማለት ሲከፈት አየሁት፣ አቶ ማናሴም በሙሉ ክብደታቸው የአባ ፍሪጅን እግር ረገጡ። ጫማው በሙሉ ዋጋ ተገዛ፤ አባ ፍሪጅ ለሦስት ቀን አነከሱ።

ግንቦት አሥር ቀን ጠዋት ብቻቸውን ገቡ፤ ሽማግሌዎች ሁሉ ውጭ ቀረን። ኖኩቱላ ስቴትመንቱን አየች፣ አንድ ጊዜ ጠየቀች፣ ማሽኑም እሺ አለ። በጣታቸው ምልክት ሲሰጡን ዩሱፍ የባኪውን ጥሩምባ ነፋ፣ አቶ ማናሴ እልል አሉ፣ ዘበኛውም ሰልፍ የተነሣ መስሎት «ሃይቦ!» እያለ በሩን ዘጋው። ካርዷ በሳምንት ደረሰች፤ ያሳዩን በፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ እንዳለች ነው፣ ማንም እንዳይነካት።

ወእምዝ በግንቦት ሃያ ቀን አባ ፍሪጅ አንዲት ነጭ ትንሽ መኪና ተከራይተው፣ እኛም በባኪው ተከትለናቸው ኤርፖርት ቆምን። ወይዘሮ አማረች ወጣች፤ አባ ፍሪጅም ስምንት ዓመት ያላዩትን ፊት አዩ። ፅናት ግን ከእናቷ ቀሚስ በስተኋላ ተሸሸገች፤ ከስልክ ውስጥ የወጣው ሰው ረጅምና ጺማም ሆኖባት ነበር። አጃቢው ሁሉ እንደ ልማዱ «ሳሚው እንጂ! አባትሽ እኮ ነው! ሂጂ!» እያለ ተነሣ። አባ ፍሪጅም እጃቸውን አንሥተው የመጨረሻውን አዋጅ አስነገሩ፦ «ማንም አይጠይቃት። እኔም አልጠይቃትም።» ከዚያም የኋላውን በር ከፍተውላት፣ እርሷ በራሷ ጊዜ እስክትገባ ድረስ ወደ ሌላ ወገን እያዩ ቆሙ።

በኤን አሥራ ሁለት አውራ ጎዳና ላይ ስንከተላቸው፣ ከጭንቀታቸው የተነሣ እየበረሩ የነበሩት አባ ፍሪጅ በድንገት ፍሬን ያዙ፤ ሁሉ በመቶ ሃያ በሚሄድበት መንገድ በአርባ መሄድ ጀመሩ። የጭነት መኪኖች ጮኹባቸው፣ ዩሱፍ ሞተሩ ነደደ ብሎ ተሳደበ፣ እኔም ካርዷ በየኪሎ ሜትሩ ገንዘብ የምትቆርጥ መሰለኝ። ምክንያቱን ወይዘሮ አማረች በኋላ ነገረችኝ፤ ከኋላ ወንበር የወረደ ትእዛዝ ነበር፤ ልጅቱ ማንም ሳይጠይቃት፣ ማንም ሳይገፋት፣ በገዛ አፏ «አባዬ፣ ቀስ በል!» ብላ ነበር። እስከ ዳቬይተን ድረስ ማርሽ ሳይቀይሩ፣ እያለቀሱ፣ በአርባ ገቡ። ይህን ስጽፍ እኔም አልቅሻለሁ፤ እንባዬ ቀለሙን ስላጠፋውም ሁለት ጊዜ ገልብጬዋለሁ።

ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይነገር፦ ሌሎች ጠይቀው ባለ ካርድ ሆኑ፣ ሌሎች አስገድደው ባለ አገር ሆኑ፤ የሆሳዕናው አንበሳ፣ የፍርግርጉ ጌታ፣ የትዕግሥት አዛዥ፣ ክቡር ዱካሞ አባ ፍሪጅ ግን አምስት ጊዜ ጠይቀው የተከለከሉ፣ በስድስት ወር ዝምታ የተፈቀደላቸው፣ ሳይጠይቁም አባት የተባሉ ናቸው። ዘመናቸው ይርዘም፤ ፍጥነታቸውም እንደ ታዘዙት ይሁን።