የአጎቴ ዕጢና የኔ ካሮት

እኛ ወሎዬዎች የታመመ ሰው ልንጠይቅ ባዶ እጃችንን አንሄድም። ሌላው ቢቀር ምክር ይዘን እንሄዳለን። ምክሩን ደግሞ በሽተኛው እስኪውጠው ድረስ ከቤቱ አንወጣም።

አጎቴ ሰይድ ደሴ ዙሪያ ጎመን ያለማሉ። የሰፈሩ የውሃ አባትም እሳቸው ናቸው፤ የመስኖ ተራ የሚያካፍሉት። እኔም ከማሳቸው ጎን ትንሽ የካሮት መደብ አለችኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኮምቦልቻ እየወጣሁ አያታለሁ። ዘንድሮ፣ ማሻአላህ፣ አምሮባታል።

አጎቴ ሆዳቸውን እያመማቸው ወራት ደበቁን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እያልኩ ጨቅጭቄ ነው ደሴ ሐኪም ቤት ያመጣኋቸው። አንጀታቸው ላይ ዕጢ ተገኘ። ክው አልኩ፤ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው።

ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳችን። ዕጢ ለማደግ ደም ስለሚፈልግ አዳዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ ይስባል። ሰውነታችን ውስጥ ደግሞ ከፕሮቲን ተቆርጠው የሚወጡ ቁርጥራጮች አሉ፤ እንዲህ ያለው ሥር እንዳያድግ ይከለክላሉ። ከሌላው ሕክምና ጋር የምትሰጣቸው መድኃኒትም ሥራው እንደነሱ ነው። እኔ ራሴን ነቀነቅኩ። ፋብሪካ ቢሮ ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ምንም ባያውቅ ራስ መነቅነቅ ያውቃል።

ጠያቂው ይህን ሲሰማ ጉድ ፈላ። አንዱ ጉበት ይዞ መጣ፤ አንዷ ቀይ ሥር። የደም ሥር የሚዘጋ መድኃኒት ወላሂ ገዳይ ነው አሉ። ነገሩ ፕሮቲን ከሆነማ ለምን በግ አይታረድም ያለም ነበር። (በላተኛው ማን እንደሚሆን አልጠየቅነውም።) ሳያጣሩ ወሬ ሳይገሉ ጎፈሬ ይሉ የለ? አጎቴም ፈሩና፣ ሥሬን አላስዘጋም፣ ከነደሜ ልሙት አሉ።

እንግዲህ የተማርኩት ለመቼ ነው? አጠገባቸው ቁጭ አልኩና በሚያውቁት መጣሁባቸው። አጎቴ፣ አልኩ፣ ይህ ዕጢ የውሃ ሌባ ነው። ተራው ሳይደርስ በጎን ቦይ ቀዶ የሰውን ውሃ ወደ ራሱ ማሳ የሚያዞር። እሱ ሲለመልም ሌላው ይደርቃል። መድኃኒቱ የመጣው ዋናውን ቦይ ሊዘጋ አይደለም፤ ሌባው የሚቀደውን ሊደፍን ነው።

ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከዚያ፣ ሌባው ሲቀድ ትንሽ እንኳ አያፍርም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ዕጢ ምን ሃፍረት ያውቃል አልኩ፣ በገዛ ንግግሬ እየረካሁ።

«እሺ፣ እወስዳለሁ» አሉ።

አልሐምዱሊላህ! ዓይኔ እንባ አቀረረ። ጠያቂው ሁሉ እንደተቀመጠ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ጀማል፣ ልጄ፣ እኔ ከተኛሁ ወዲህ ጎመኔ ደርቆ ያንተ ካሮት የለመለመው እንደምን ነው?»

ያ ሁሉ መካሪ አንድ ምክር ጠፋው። እኔም አንገቴን ደፋሁ።

«አይዞህ» አሉ አጎቴ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለኸኝ የለ? ያንተንም የጎን ቦይ ነገ ሰው ልኬ አስደፍነዋለሁ።»

አስደፈኑት። መድኃኒቱንም ጀምረዋል፤ እየታገሉ ነው፣ አላህ ያሽራቸው። ጎመናቸው ቀና ቀና ማለት ይዟል። የኔ ካሮት ጠውልጋ ተኝታለች፤ እስካሁን አንድ ጠያቂ አልመጣላትም።