ለሁሉም ነገር መተንፈሻ የሚከፍቱት አማቴ

ፋብሪካ የሠራውን ዕቃ እንደተሠራ መተው የማይችል ሰው ከየትኛውም ቤተሰብ አይጠፋም። የእኛ ቤቱ የባሌ አባት ናቸው፤ በሰፈሩ አጠራር «ክቡር ዋና መሐንዲስ»። ማዕረጉን የሰጣቸው ትምህርት ቤት የለም፤ ሊነጥቃቸው የደፈረም የለም። አርባ ዓመት ላሜራ ሲቀጠቅጡ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ ለመዶሻቸው ግን ጡረታ መውጣቱን የነገረው የለም።

መድኃኒታቸው አንድ ነው። የተበላሸው ምንም ይሁን ምን፣ ጎንበስ ብለው ያዩና «ታፍኖ ነው፤ አየር ስጡት» ይላሉ። የሽንኩርት ሣጥኔ ታፍኖ ነበር፣ ተበሳ። የመታጠቢያ ቤቱም በር ታፍኖ ነበር፤ አሁን ገላችንን የምንታጠበው ቀዳዳው ላይ ፎጣ ሰቅለን ነው። የልጄን የዝናብ ቦት ጫማ ሳይቀር አየር ሰጥተውታል። አየሩን ተከትሎ ውኃውም ገባ።

ስለዚህ አሮጌዋ ፎር ዊል መኪናችን ዳገት ላይ መፍላት ስትጀምር ምን እንደሚታዘዝላት አላጣሁትም። ለእኔ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። የሦስት ዓመቷ ልጄ እግሯን የምትታከመው ከዳገቱ ማዶ ባለው ሆስፒታል ነው፣ ማክሰኞ ማክሰኞ በጠዋት፤ በዚያ ሰዓት አውቶቡስ የለም። ሁለት ማክሰኞ ራዲያተሩ እስኪበርድ መንገድ ዳር ቆመን አረፈድን። ነርሷ በትሕትና፣ ሦስተኛ ካረፈድን ተራዋ ለሌላ ልጅ እንደሚሰጥ ነገረችኝ።

መኪናዋን ጋራዥ ወሰድኳት። ራዲያተሩም ፋኑም ደህና ናቸው፤ ግን ትልቅ ሞተር ስለተቀየረላት ሙቀቱ መውጫ አጥቷል አሉኝ። ክቡርነታቸው ይህን ሲሰሙ የተሾሙ ያህል ደስ አላቸው። ስንት ዓመት ሲፈልጉ ኖረው በእርግጥ የታፈነ ነገር ተገኘ።

እሑድ ጠዋት የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ፣ ወርዶ ግቢው መሃል ተዘረጋ። በልብስ ስፌት ጠመኔዬ አሰመሩ፣ ቆረጡ፣ ጠርዙን አጠፉ፤ ከፊት መስታወቱ ሥር ሁለት ረድፍ መተንፈሻ ከፈቱ። ለምን እዚያ እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ ሙቀት ወደ ኋላ እንደሚሄድ ሕፃን እንኳ ያውቃል አሉኝ። ሥራቸው ያምራል፣ አይካድም። ሰኞ ጠዋት ሰፈራችን ያለች ትንሽ ዳገት ላይ ስንሞክራት ግን የሙቀቱ መርፌ ሽቅብ ወጣ። እሳቸውም መርፌው ታፍኖ ነው አሉ።

ቀጠሮው በማግስቱ ነው። እኔ የተማርኩት እስከ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ ሹራብ ግን እሠራለሁ። የተረፈ ክር በጣት በጣት ቆራርጬ ኮፈኑ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩና፣ እሳቸው ሲነዱ ከጎናቸው ተቀምጬ አየሁ። መተንፈሻው አጠገብ ያሉት ክሮች ወደ ውጭ መብረር ሲገባቸው አንድ በአንድ ወደ ውስጥ ገቡ። መስታወቱን የሚመታው ነፋስ በእሳቸው ቀዳዳ ተመልሶ ሞተሩ ላይ እየገባ ነበር።

«አባባ፣ ይሄኮ አያወጣም፤ ያስገባል» አልኳቸው በቀስታ።

መኪናዋን አቁመው ወረዱና ቀዳዳው ውስጥ የገቡትን ክሮች አንድ በአንድ ጎትተው አዩ። አርባ ዓመት ላሜራ የቆረጠ እጅ ስቷል ማለት ቀላል አይደለም፤ ቁጣውን ልቀበል ተዘጋጀሁ።

«ክሩ ሽቅብ የሚነሳው የት ጋ ነው?» አሉኝ።

ከራዲያተሩ ጀርባ አልኳቸው። ምሳም ሳይበሉ የትናንቱን በላሜራ ደፍነው በየዱ፤ አዲሱን እኔ ባሳየኋቸው ቦታ ከፈቱ። ከፊት ጎማዎቹ ኋላ ያለውን የጎን ላሜራም በግራም በቀኝም ቀደው፣ ጠርዙ ወደ ኋላ የዞረ መውጫ ሠሩለት። ዝናብ ሽቦ ላይ እንዳይወርድ ከመተንፈሻው ሥር የኬክ መጋገሪያዬን ገጠሙ። መጋገሪያውን የፈቀድኩላቸው ከተበየደ በኋላ ነው።

ማክሰኞ ዳገቱን ስንወጣ የሁላችንም ዓይን መርፌው ላይ ነበር። መርፌው መሃል ላይ ደረሰ፣ እዚያው ቆመ፤ አናቱን አልፈን ወረድን።

ሆስፒታሉ ግቢ ሃያ ደቂቃ ቀድመን ገባን። ዘበኛው መኪናዋን ዞሮ አያትና፣ አይጥ ነው እንዴ የበላት ብሎ ጠየቀ። ክቡርነታቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ እኔ ጀመርኩ። ነፋስ የት ጋ እንደሚገፋና የት ጋ እንደሚስብ፣ መስታወት ሥር መቅደድ ስንቱን ብልህ እንዳሳሳተ፣ የጎን መውጫው ጠርዝ ለምን ወደ ኋላ እንደዞረ አስረዳሁት። ሁለት ጊዜ ሊያመልጠኝ ሲል ክንዱን ያዝኩት። አማቴ ልጄን ታቅፈው፣ እኛ እሳቸውን ስንታገሥ እንደኖርነው ታገሡኝ። በመጨረሻ እጅጌዬን ሳብ አደረጉኝ።

«የኔ ልጅ፣ እሱን ስንወጣ ትጨርሺለታለሽ፤ ነርሷ እየጠራችን ነው።»