የጋሽ መስፍንን ሎግቡክ ያሳመርኩ ቀን

ሰው ላግዝ ብላችሁ ወጥታችሁ፣ ያ ሰው እናንተን ከጉድ ሲያወጣ ውሎ ያውቃል?

እኔ ዛሬ ደርሶብኛል። ኤርፖርት አጠገብ ባለ ቢሮ፣ በሰው ፊት!

ከመጀመሪያው ላስረዳ። አስተማሪ ነኝ፤ ሳላስረዳ አላልፍም።

እዚህ ኬንያ፣ ካሳራኒ ሰፈር ጎረቤቴ የሆኑት ጋሽ መስፍን የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። የሚሠሩበት አየር መንገድ ሊዘጋ ደርሷል። በርካሽ ቲኬት የሚታወቀው ተፎካካሪው ደግሞ አውሮፕላኖቹን ልግዛ አልግዛ እያለ ነው። ልብ በሉ፦ አውሮፕላኖቹን እንጂ ሠራተኞቹን አይደለም። ከመካኒኮቹ ጥቂቱን ብቻ መርጦ ይወስዳል።

ዛሬ የጋሽ መስፍን ኢንተርቪው ነበር። ሎግቡካቸውን ይዘው እንዲመጡ ተነግሯቸዋል። ሎግቡክ ማለት መካኒክ የሠራውን ሁሉ በየቀኑ የሚጽፍበት ደብተር ነው።

የሳቸውን አየሁት። ግራሶ የጠጣ፣ ጠርዙ የተበላ፣ እስክሪብቶው ሦስት ዓይነት።

ይሄንን ይዘው ሊገቡ? እኔ እያለሁ?

ሦስት ቀን ታይፕ አደረግኩት። ሠንጠረዥ፣ ማውጫ፣ ባለቀለም መለያ። የማይረቡ የመሰሉኝን ዝርዝሮች ቆረጥኩ። ጋሽ መስፍን አገላብጠው አዩና፣ "ቲቸር፣ መጽሐፍ አደረግሽው" አሉ።

ቢሮው በር ላይ መቅረት ነበረብኝ። ፎልደሩን አቅፌ አብሬ ገባሁ።

የገዢው አየር መንገድ ገምጋሚ ኬንያዊት ኢንጂነር ናቸው። ሁለት ገጽ ገለጡና ማን እንደጻፈው ጠየቁ። "እኔ" አልኩና ማውጫውን ማስረዳት ጀመርኩ። ለኢንጂነር! ስለ አውሮፕላን ጎማ!

እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ በስዋሂሊ 'አስተማሪ' ብለው ጠርተውኝ፣ በረጋ ድምፅ፣ "ምዋሊሙ፣ የብዙ ዓመት ጥገና በአንድ ሰሞን የተጻፈ ሲመስል፣ እኔ የማስበው ተጭበርብሯል ብዬ ነው" አሉኝ።

ፊቴ ጋለ። የሰውዬውን እንጀራ በገዛ እጄ ቆረጥኩት።

ጋሽ መስፍን ግን ከጃኬታቸው ውስጥ አሮጌውን ደብተር አወጡ። ይዘውት ነው የመጡት! "ልጅቷ ስለደከመችበት ነው የሷን ያስቀደምኩት" አሉ።

ገምጋሚዋ ሲያነቡ ብታዩአቸው! መስመር በመስመር ከራሳቸው ፋይል ጋር ያመሳክራሉ። ለካ አውሮፕላን የሚመዘነው በወረቀቱም ነው። የትኛው ዕቃ መቼና የት እንደተቀየረ ካልታወቀ፣ ሞተሩ እንደ ሰዓት ቢሠራም ገዢ ይሸሸዋል። አንዷን አውሮፕላን ከግዢው ዝርዝር ሰርዘዋት ነበር፤ የማረፊያ እግሯ የተቀየረበት ወረቀት ጠፍቶ። ደብተሩ ላይ ግን ቀኑ፣ የዕቃው ቁጥርና የጋራዡ ስም ቁጭ ብሏል። ቅጂው ከየት እንደሚጠየቅ ታወቀ ማለት ነው።

እኔ አይረባም ብዬ የቆረጥኩት መስመር ነው።

ገምጋሚዋ ዝርዝሩ ላይ ከተሰረዘችው አውሮፕላን ጎን የጥያቄ ምልክት አደረጉና፣ "ምዜ፣ ሰኞ መዝገብ ክፍል ይምጡ" አሉ። ምዜ ለሽማግሌ የሚባል የአክብሮት ቃል ነው።

ጋሽ መስፍን ለስንት ቀን እንደሆነ ጠየቁ።

"ግዢው ከጸደቀ፣ ጡረታ እስኪወጡ።"

በመመለሻው ሚኒባስ፣ ማታቱ ውስጥ፣ ጋሽ መስፍን አልተቆጡኝም። የአውሮፕላን እግር እንዴት እንደሚታጠፍ እስከ ካሳራኒ አስረዱኝ። ምን ዓይነት አስተማሪ መሰሏችሁ! ያቋረጥኳቸው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

እስቲ እናንተም ሞክሩት። በእጁ የሚሠራ ሰው ስለ ሥራው ጠይቁና እስኪጨርስ ዝም በሉ። ስንት ደቂቃ እንደቻላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።